ሱሉልታ የቀረው ንድፍ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሰው ልጁን ቀብሯል፤ ሰው የታሰረ ወንድሙን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ ተንከራቷል። ገበሬው ነገ የማን እንደሚሆን በማያውቀው መሬት ላይ ጤፉን አጭዷል። እኔ ልጽፍ የተቀመጥኩት ግን የኮምፒዩተር አድራሻ ስለመቀየር ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ አፍሬ ትቼው ነበር። ሦስተኛ ጊዜ የጀመርኩት የሱሉልታዋ ጓደኛዬ፣ «ስለ ትልቁ ነገር የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ስለዚህኛው ግን ከእኛ ሌላ ማን ያውቃል?» ስላለችኝ ነው። ልክ መሰለችኝ። ስለዚህ በቦታው ሆኜ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ፤ ከሌላ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁት እናገራለሁ። ይህን ልማድ ያገኘሁት ከዚሁ ታሪክ ነው።

የአንደኛ ዓመት የኮምፒዩተር ተማሪ ነኝ፤ ቤታችን ሰበታ ነው። የምማርበት ኮሌጅ ዋና ግቢው ሰበታ ሆኖ ቡራዩና ሱሉልታ ቅርንጫፍ አለው። ተጂና መናገሻ ደግሞ አንድ አንድ ክፍል ተከራይቶ ትናንሽ የኮምፒዩተር ላቦች ከፍቷል። የኔትወርክ ትምህርት የሚሰጡት አንድ መምህር ብቻ ስለሆኑ የሦስቱም ከተማ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ እንሰበሰብ ነበር። ከሱሉልታዋ ጓደኛዬና ከአንድ የቡራዩ ልጅ ጋር የተዋወቅሁት እዚያ ነው። መምህራችን ሦስታችንን አንድ ቡድን አደረጉን፤ ምክንያታቸውም ሦስታችንም ጥያቄ ማብዛታችን እንደሆነ ነገሩን።

የቡድናችን ሥራ የኮሌጁን ኔትወርክ ማስተካከል ነበር። ኮሌጁ ላብ በከፈተ ቁጥር መምህራችን ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርስ የሚገናኙበትን የአድራሻ ቁጥር በእጃቸው ካለው ቀጣዩን እየመዘዙ ሰጥተዋል። ዛሬ ሰበታ፣ ነገ ተጂ፣ ከዚያ ሱሉልታ፣ ከዚያ እንደገና ሰበታ። ዓመታት ሲያልፉ ቁጥሩ ተዘበራረቀ።

«ልጆች፣ ሰፈራችሁን ታውቁት የለ?» አሉን ቾካቸውን ይዘው። «አዲስ በተሠራ ሰፈር የቤት ቁጥር የሚሰጠው በመንገዱ ቅደም ተከተል ነው ወይስ ባለቤቱ ቀበሌ በቀረበበት ተራ?»

«በቀረበበት ተራ» አልን።

«እንግዳ ሲመጣ ምን ይሆናል?»

«ሲዞር ይውላላ!» አለ የቡራዩው ልጅ። «እኛ ሰፈር ሃያ ሦስት ቁጥር ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ሃያ አራት ከወንዙ ማዶ።»

ራውተር የሚባለው ዕቃ ሥራው መንገድ መጠቆም ነው። የመጣለትን መልእክት አድራሻ ያያል፤ ከዚያ በውስጡ በያዘው የመንገድ ዝርዝር መሠረት በየትኛው መስመር እንደሚያወጣው ይወስናል። የቡራዩ ቁጥሮች ተከታታይ ቢሆኑ ኖሮ «በዚህ የሚጀምር ሁሉ ወደ ቡራዩ» የሚል አንድ ረድፍ ይበቃው ነበር። የእኛዎቹ ግን የተበታተኑ ስለነበሩ ለእያንዳንዱ ላብ የራሱ ረድፍ ያስፈልገው ነበር። ሱሉልታ ያለው ራውተር ደግሞ አሮጌ ነው፤ ዝርዝሩ ሲበዛበት ይደነዝዝና ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። አንዱ ሲጠፋ ጎረቤቱ «ሱሉልታ ጠፋ» ብሎ ለሌላው ይናገራል፤ ሲመለስ «መጣ» ይላል። ሱሉልታ መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ተጂ ያለው ራውተር ሥራውን ትቶ መንገድ ሲያሰላ ይውላል።

መምህራችን ለዚህ ማስታገሻ አበጅተው ነበር። ቶሎ ቶሎ «መጣሁ፣ ጠፋሁ» የሚል መስመር ቅጣት ይያዝበታል፤ ቢመለስም እንኳ ተረጋግቶ እስኪቆይ ድረስ ሌሎቹ አያምኑትም።

«እንደ ታክሲ ረዳት ማለት ነው» አለ የቡራዩው ልጅ። «ባዶ መኪና ይዞ 'አንድ ሰው የቀረው' ሲል ሦስት ጊዜ ከሰማነው በኋላ እውነቱን ቢናገርም አንገባለትም።»

መምህራችን ሳቁ። ከዚያ የዓለም ኢንተርኔትም ከዚህ የተለየ ጣጣ እንደሌለበት ነገሩን። በየአገሩ የቆሙት ታላላቅ ራውተሮች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ረድፍ ይይዛሉ። አንድ ድርጅት የተበጣጠሰ አድራሻ ይዞ በመጣ ቁጥር በሁሉም ላይ ረድፍ ይጨመራል። «ረድፉን ያመጣው አንድ ሰው ነው» አሉን፤ «የሚሸከሙት ግን እሱን የማያውቁት ሁሉ ናቸው።» ይህ ነገር ከልቤ ገባ። እኔ ሰበታ ተቀምጬ የማበላሸው ነገር የማላውቀው አገር ድረስ ሊከብድ ይችላል ማለት ነው። በደንብ የምሠራው ነገርም እንደዚሁ።

መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ከተማ ተከታታይ ቁጥር መድበን ሁሉንም ማሽን አዲስ አድራሻ መስጠት። ግልጽ ቢሆንም ቀላል አልነበረም። የትም ላብ ብንሄድ ኃላፊው «የሌሎቹን ቀይሩ፤ የእኛ እየሠራ ነው» ይል ነበር። ለምነንም፣ አስረድተንም የሰበታን፣ የቡራዩን፣ የተጂንና የመናገሻን ጨረስን። የቀረው ሱሉልታ ነበር።

ሱሉልታ ደግሞ የሚያስቸኩል ምክንያት ነበረው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያስተሳስራል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ ተቃውሞው ከኅዳር ጀምሮ እየተስፋፋ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ሰበታ ድረስ መጥቶ መፈተን የማይታሰብ እየሆነ ሲመጣ ኮሌጁ አንድ ውሳኔ አሳወቀ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ጥር ውስጥ በየቅርንጫፉ በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ፈተናው የሚወጣው ሰበታ ካለው ዋና ኮምፒዩተር፣ ከሰርቨሩ ነው። ከተጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልገባ ተማሪ አይፈተንም። ያልተፈተነ ደግሞ ከሚቀጥለው ዓመት ገቢዎች ጋር እንደገና ይጀምራል።

ለእኔ ይህ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ለሱሉልታዋ ጓደኛዬ ግን የወንድሟ ጉዳይ ነበር። ቤታቸው የሚተዳደረው በወተት ላሞች ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸው ጠዋት ጠዋት ከላሞቹ ጋር መቅረት አለባቸው። አንደኛ ዓመት የሚማረው ጠዋት ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ከሰዓት። ኮሌጅ የመግባት ተራው የታላቅ ወንድሟ ነበር። እሱ ግን «አንቺ ቅደሚ፤ አንቺ ሁለተኛ ዓመት ስትደርሺ የጠዋቱን ላም አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ አንደኛ ዓመት እገባለሁ» ብሎ ተራውን ለቀቀላት። ፈተናው ካመለጣት ዓመት የሚጠፋው ከእሷ ብቻ ሳይሆን ከእሱም ነው። ይህን የነገረችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግማ አላነሳችውም። ከዚያ በኋላ ግን እኔና የቡራዩው ልጅ ስለ ሱሉልታ ራውተር ስንነጋገር ስለ ራውተር ብቻ እየተነጋገርን አልነበረም።

ታኅሣሥ ውስጥ መንገዱ ጸጥ ባለ አንድ እሑድ ሱሉልታ ሄድን። አራት ትልልቅ ወረቀት አጣብቀን የኔትወርኩን ንድፍ ሠርተን ነበር፤ መሐል ላይ አዲስ አበባ ትንሽ ክብ፣ ዙሪያዋን ከተሞቹ፣ በመካከላቸው ባለቀለም መስመሮች። ጠቅልሎ በትከሻው የተሸከመው የቡራዩው ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ረጅም የመለኪያ ሜትር ይዣለሁ፤ ከስልክ እንጨቱ እስከ ላቡ ያለው ኬብል ስላረጀ ርዝመቱን ለክተን እንድንመለስ መምህራችን አዘውን ነበር።

መጀመሪያ ላብ ገብተን በየማሽኑ እየዞርን የእያንዳንዱን አሮጌና አዲስ ቁጥር በንድፉ ላይ በእጃችን ጻፍን። ይህን ስንሠራ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ከዚያ ጓደኛችን ላቡን ልትቆልፍ ስትቀር እኛ ሁለታችን ወጥተን በአጥሩ ጥግ፣ ከታጨደው ማሳ አጠገብ ሜትሩን ዘረጋን። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ከተማ፣ ማሳ ዳር ሜትር የሚዘረጋና የተጠቀለለ ወረቀት የተሸከመ ሰው ምን መስሎ እንደሚታይ ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብንም።

ከማዶ ካለው የወተት መሰብሰቢያ ቤት ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ወጡ። ከኋላቸው ሌሎች ሰዎች ተከተሉ።

«ምን እየለካችሁ ነው?» አሉ።

«ኬብል ነው አባባ፤ ለኢንተርኔት» አለ የቡራዩው ልጅ።

«ኬብሉ የታለ?»

ኬብል አልያዝንም። ገና ልንገዛ ነበር የምንለካው።

«በፊት የመጡትም ለውኃ ቧንቧ ነው ብለው ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ቧንቧው እስከ ዛሬ አልደረሰም። ችካሉ ግን አለ። በል ጥቅሉን ክፈተው።»

ከፈተው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከተሞቹ፣ መስመሮቹ፣ ቁጥሮቹ። አንድ ወጣት፣ «ሱሉልታን ለምንድን ነው ቀይ ያደረጋችኋት?» ብሎ ጠየቀ።

«ሰማያዊው እስክሪብቶ አልቆብን» አልኩ። እውነቴን ነበር። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው አልሳቀም።

ያን ጊዜ ጓደኛችን ቁልፉን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። «አካም ጅርቱ አባባ!» ብላ ጎንበስ አለችላቸው። የሰፈራቸው ሰው፣ የወተት ማኅበሩም ሊቀመንበር ነበሩ።

«አንቺም ትለኪያለሽ?» አሏት።

በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። ሰበታ ያደግን ልጆች ሁለቱንም ቋንቋ ስለምንሰማ ብዙው ገባኝ። ቁጥር ብቻ እንደሚቀየር፣ ቦታ እንደማይነካ ነገረቻቸው። «ኮምፒዩተሩ እዚያው ነው፤ ጠረጴዛውም እዚያው ነው። የሚጠራበት ብቻ ነው የሚለወጠው» አለች።

«መሬቱም እኮ እዚያው ነው የሚቀረው» አሉ ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ። «የሚሄደው ሰውዬው ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ራሳቸው ጠቀለሉት፤ ሜትሩንም ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ይህ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ነገሩ ሲበርድ መጥታችሁ ውሰዱ። አሁን ሳይመሽባችሁ ወደ ታክሲው ሂዱ፤ ልጆቹ ይሸኟችኋል። ሌላ ሰው እንዲህ ተሸክማችሁ ቢያገኛችሁ እንደ እኔ አይጠይቃችሁም።»

እስከ ታክሲው ድረስ ሸኙን። መኪናው እንጦጦን ሲያልፍ የቡራዩው ልጅ ቀስ ብሎ፣ «ቢያንስ ንድፉ አይጠፋም፤ ጥሩ እጅ ነው የገባው» አለኝ። ለመምህራችን ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ጥሩ አድርገው ጠየቋችሁ» ነው ያሉኝ። «እኔ ያኔ ሳልጠይቅ ያደልኩት ቁጥር አይደል አሁን የሚያስለፋን?»

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ በቶሎም የሚከፈት አልመሰለም። የሱሉልታ ማሽኖች ቁጥር የተጻፈው ሽማግሌው ጋ በቀረው ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ሞባይል ላይ ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተዋል፤ የምንነጋገረው በተራ ስልክ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት የቡራዩው ልጅ ደወለልኝ። «ሱሉልታ ተከፍቷል! ልትመጣ ነው፤ ሰበታ ትፈተናለች።» ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«አዎ፣ እኔም ሰማሁ» አለችኝ። «ጫማዬን እያደረግሁ ነው።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከቡራዩው ነዋ። አሁን ደወለልኝ።»

አንድ ነገር ቆረቆረኝ። «ቆይ አንድ ጊዜ» ብዬ መልሼ ለእሱ ደወልኩ። «አንተስ ከማን ሰማህ?»

«ካንቺ ነዋ! ትናንት 'ልትመጣ ነው' አላልሽኝም?»

ብዬው ነበር። እኔ ያልኩት ደግሞ እሷ «ከተከፈተ እመጣለሁ» ስላለችኝ ነው። ምኞቷ በእኔ በኩል አልፎ፣ ቡራዩ ደርሶ፣ ወሬ ሆኖ ወደ ራሷ ተመልሶ ነበር። ሦስታችንም አንዱ የነገረውን ስንቀባበል ማንም መንገዱን ያየ አልነበረም። «ጫማሽን አውልቂ» አልኳት። ወንድሟ ወጥቶ ሲያይ መንገዱ ከከተማው መውጫ ላይ በድንጋይ እንደተዘጋ ነበር።

ለመምህራችን በስልክ ስንነግራቸው ሳቃቸው አላቆም አለ። «ይህንኑ እኮ ነው የዓለም ራውተሮች የሚፈሩት!» አሉ። «ለዚህ ነው መንገድ ሲያስተዋውቁ ወሬው ያለፈባቸውን ሁሉ ስም አብረው የሚልኩት። የራሱን ስም በውስጡ ያገኘ ራውተር ወሬውን ይጥለዋል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስታችን ስንደዋወል ከማን እንደሰማን ሳንናገር ወሬ አናቀብልም። የቡራዩው ልጅ ይህን ቤቱ ድረስ ወስዶት እናቱ፣ «ምሳ ደርሷል ስልህ ከማን ሰማሽው ትለኛለህ» ብለው ከሰውታል።

መምጣት ካልቻለች ሱሉልታን የምትቀይረው ራሷ መሆን አለባት። የላቡ ኃላፊ አዲስ አበባ ቀርተው ነበር፤ ቁልፉን እሷ ጋ ትተው በስልክ ፈቀዱላት። የሚቀረው ወረቀቱ ነው። ወንድሟን ይዛ ሽማግሌው ቤት ሄደች። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከፊሉን ግን በስልክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሽማግሌው ወረቀቱን አልከለከሏትም፤ ከእጃቸው ግን አላወጡትም። «ከዚህ ሁሉ የአንቺ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቋት። የምትፈተንበትን ማሽን በጣቷ አሳየቻቸው። «የወንድምሽስ?» አሏት። «የእሱ ገና ነው አባባ፤ የእኔ ካለፈ ይመጣል።» ያን ጊዜ ወረቀቱን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ተነሱ። «በይ እንሂድ።»

ላብ ውስጥ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ኪቦርድ ይዛ ወረቀት የምትይዝበት እጅ አልነበራትም። ሽማግሌው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉና ቁጥሩን በኦሮምኛ ያነቡላት ጀመር።

«ቶኮ፣ ዜሮ፣ ነጥብ...»

«እሺ አባባ።»

«ለማ፣ ዜሮ፣ ነጥብ። ይህ ነጥብ ብዙ ነው፤ የዝንብ ነው ወይስ የእናንተ?»

«የእኛ ነው አባባ» ስትል ሰበታ ሆኜ ሳቅ አነቀኝ።

መምህራችን አጥብቀው የነገሩን አንድ ነገር ነበር። አሮጌውን ሳትሰርዢ አዲሱን ጨምሪ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኑሩ። አሮጌው የሚሰረዘው ማንም በእሱ እንደማይጠቀም ሲረጋገጥ ነው። እንደዚያው አደረገች። ራውተሩን መጨረሻ ላይ ስታስተካክል እኔ ሰበታ የእኛን ዝርዝር እያየሁ ነበር። የሱሉልታ ረድፎች አንድ በአንድ ጠፍተው በቦታቸው አንድ ረድፍ ብቻ ቀረ። አንድ ረድፍ፣ ለመላው ሱሉልታ። እንዲህ ያለ ነገር ያምራል ብል የሚስቅብኝ ይኖራል፤ ግን ያምራል። ያ አሮጌ ራውተር ከዚያ ወዲህ በራሱ ጠፍቶ አያውቅም።

የፈተናው ጠዋት ግን መብራቱ ከፋ። ሱሉልታ ይመጣል፣ ይሄዳል። በዚያው ልክ የሱሉልታ መስመር በሰበታው ራውተር ላይ ይታያል፣ ይጠፋል፤ ቅጣቱም ይደራረባል። ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው መብራቱ ጨርሶ ሄደ። እኔ ሰርቨሩ ክፍል ነበርኩ፤ መምህራችን የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ስለተዘጋ ያን ቀንም መምጣት አልቻሉም። እኔና የቡራዩው ልጅ ከሌሎቹ ቀድመን ተፈትነን ስለነበር ክፍሉን እንድጠብቅ አደራ የሰጡት ለእኔ ነው። የሱሉልታዋ ጓደኛዬ ብቻ ነበረች ከእኛ ያልተፈተነችው።

ሱሉልታ ውስጥ ለላቡ የሚደርስ ጄኔሬተር የነበረው የወተት ማኅበሩ ብቻ ነው። መንገድ ተዘግቶ ወተቱ አዲስ አበባ መሄድ ስላልቻለ ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት የሚሠራው በእሱ ነበር። ወንድሟ ሄዶ ለመናቸው። ሽማግሌው የማኅበሩን ሰዎች ሰብስበው ተነጋገሩ፤ ማቀዝቀዣው ለፈተናው ጊዜ እንዲቆምና ኃይሉ ለላቡ እንዲሆን ተስማሙ። የራሳቸውም የጓደኛዬ ቤትም ወተት እዚያው ውስጥ ነበር።

መስመሩ መጣ። ሰርቨሩ ላይ ፈተናው ተጀምሯል። የሱሉልታ ልጆች ግን አልገቡም። ስልኬ ጮኸ።

«እኛ ጋ ሁሉም በርቷል» አለችኝ ጓደኛዬ። «ለምንድን ነው የማይከፍትልን?»

ምክንያቱን ስክሪኔ ላይ አየሁት። የሰበታው ራውተር መስመሩ መምጣቱን አውቋል፤ ግን አላመነውም። ጠዋቱን ሙሉ የዋሸው መስመር ቅጣቱን ይጨርስ ብሎ ይዞታል፤ ብጠብቅ ግማሽ ሰዓቱ ያልፋል። ቅጣቱን በእጄ ልሰርዝለት እችላለሁ። ሰርዤው ጄኔሬተሩ እንደገና ቢጠፋስ? የሚፈተኑት የሰበታም የቡራዩም ልጆች ናቸው፤ ሁሉም አብረው ይናወጣሉ። ለመምህራችን ደወልኩ።

«የሰማሽውን ሳይሆን የምታውቂውን ንገሪኝ» አሉ። «ኃይሉ ይጸናል?»

«አላውቅም።»

«የሚያውቀውን ጠይቂና ወስኚ። እኔ ከዚህ ሆኜ አላይም፤ አንቺ ግን ትችያለሽ።»

ለጓደኛዬ መልሼ ደወልኩ። «ጄኔሬተሩ እንደማይጠፋ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፤ በመስኮት እያየሁት ነው። ወንድሜ ነዳጅ ይዞ አጠገቡ ተቀምጧል።»

«እንዲጠፋ የሚያዝ ማን ነው?»

«አባባ። አጠገቤ ናቸው፤ ላቅርብልሽ?»

የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ያቺ ሜትር የያዝሽው ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ይህ ማሽን የሚጠፋው በእኔ ትእዛዝ ነው። ልጆቹ ሳይጨርሱ አላዝም።»

ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ከእሳቸው በላይ የጄኔሬተሩን ነገር የሚያውቅ የለም። ቅጣቱን ሰረዝኩ። የሱሉልታ አንድ ረድፍ ወደ ዝርዝሩ ገባ፤ ወዲያውም የሱሉልታ ተማሪዎች ስም በሰርቨሩ ላይ ይታይ ጀመር። የእሷን ሳየው ልክ እንደሠራሁ አወቅሁ። መሐል ላይ ቡራዩ አንዱ ላብ ጠፍቶ ተመለሰ። ድሮ ቢሆን ሁሉም ራውተር ይደናገጥ ነበር። አሁን ግን ከውጭ የሚታወቀው ስለ ቡራዩ አንድ ረድፍ ብቻ ስለሆነ ሱሉልታ ምንም አልሰማም። ፈተናው እስኪያልቅ ጄኔሬተሩ አልቆመም። ወተቱም አልተበላሸም፤ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው።

ጓደኛዬ አለፈች። ያን ሰሞን ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ መንገዱም ቀስ በቀስ ተከፈተ። እኔና የቡራዩው ልጅ ሱሉልታ የሄድነው ምንም ሳንሸከም ነው። ወንድሟ ከታክሲው ወርደን ሲያገኘን፣ «ለመስከረም የትኛው ማሽን ላይ ነው የምታስቀምጡኝ?» አለን። ሽማግሌው ሜትሩን መለሱልኝ። ንድፉን ግን የወተት ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚስማር መትተውት አገኘነው።

«ይህንስ አይሰጡንም አባባ?» አልኳቸው።

«በዚህ ላይ የማንም ቤት አልፈረሰም» አሉ። «እዚሁ ይቀመጥ።»

ከዚያ አራታችን ላብ ገባን። አሮጌዎቹ ቁጥሮች ከአዲሶቹ ጎን ገና ነበሩ። ማንም በእነሱ እንደማይጠቀም አረጋገጥን፤ ጓደኛዬ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው፤ የመጨረሻውን ወንድሟ በራሱ ጣት እንዲሰርዘው ወንበሯን ለቀቀችለት። ቅዳሜ፣ የካቲት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር።